ሙቀቱ ስንት ይሁን? ማማሰሉስ እንዴት?

ባዮዲዝልን በቤት ውስጥ ስለመሥራት የተጻፈ መመሪያ ሁሉ ማለት ይቻላል 55 ወይም 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚል ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የተለካበት አገር ግን የእኛ አይደለም። ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይሉ ከተሞች፣ ዘይቱን የሚለውጠው አልኮል፣ ሜታኖል፣ 64.7 ዲግሪ ላይ በሚፈላበት አየር ውስጥ ተሞክሮ የተጻፈ ነው። የእኛዎቹ የጎጃም ከተሞች ዱርቤቴ፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም የተቀመጡት 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው አራት አምስተኛውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃ 93 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ሜታኖል ደግሞ 58 ተኩል ገደማ ሲደርስ። 60 የሚለውን መመሪያ ይዞ ዱርቤቴ ላይ በርሜል የሚያሞቅ ሰው፣ ሳያውቀው ሜታኖሉን እያፈላ ነው።

ሜታኖሉ ሲፈላ መጀመሪያ ሥራው ይበላሻል። ዘይት ወደ ባዮዲዝል የሚለወጠው ሜታኖል እስካለ ድረስ ነው፤ ተንኖ ከሄደ ለውጡ መሐል ላይ ይቆምና ያልተለወጠ ዘይት ከነዳጁ ጋር ተደባልቆ ይቀራል። ከዚያ የከፋው በሠራተኛው ላይ የሚደርሰው ነው። የሜታኖል ትነት በቀላሉ በእሳት ይያያዛል፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም። ትነቱን መተንፈስ ይመርዛል፣ ፈሳሹም በቆዳ በኩል ሰውነት ውስጥ ይገባል። ጥቂት ማንኪያ የጠጣ ሰው ዓይኑን ሊያጣ፣ ሊሞትም ይችላል። በየቤቱ አረቄ በሚወጣበት በጎጃም ይህን ደጋግሜ ብናገረው አይበዛብኝም፤ ሜታኖል በዓይን ከአረቄ አይለይም። ጀሪካኑ ላይ በትልቁ «መርዝ» ተብሎ ይጻፍበት፣ የሚቀመጥበት ቤትም ይቆለፍ። በስሕተት የጠጣ ወይም ጠጣ ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ቢኖር፣ ምልክት እስኪታይበት ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ሕመሙ ሰዓታት ዘግይቶ ነው የሚጀምረው።

ይህን ያህል አደጋ ካለው ለምን ይሞከራል? መልሱ ከባሕር ዳር በመራዊ፣ በወተት ዓባይና በዱርቤቴ አልፎ ወደ ዳንግላና ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ይታያል። መብራት ያልደረሰበት ቀበሌ እህሉን የሚያስፈጨው በናፍጣ ወፍጮ ነው። በግልገል ዓባይ ዳር ሽንኩርትና ድንች የሚያለማ ገበሬ ውሃ የሚስበው በሞተር ነው። ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ዋጋው በየጊዜው ጨምሯል፤ ማደያ ላይ ሲጠፋ ደግሞ በጀሪካንና በሃይላንድ የሚሸጠው በየቦታው ሌላ ዋጋ አለው። በሌላ በኩል ሳምቡሳ፣ ፓስቲና ድንች ጥብስ የሚሸጡ ቤቶች ብዙ ጊዜ የተጠበሰበት ዘይት አላቸው። ቦይ ውስጥ የሚደፋው አለ፤ ከዚያ የሚብሰው ጠቁሮም ቢሆን እንደገና መጥበሻ ላይ የሚመለሰው ነው። ይህ ዘይት ከሰው ሆድ ወጥቶ ወደ ሞተር ቢገባ ለሁሉም ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ለመሥራት ግን ሙቀቱንና ማማሰሉን ለአገራችን ከፍታ ማስተካከል ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ በርሜሉ ውስጥ የሚሆነውን እንይ። የዘይት ሞለኪውል በአንድ ግሊሰሪን ላይ የተንጠለጠሉ ሦስት ረጃጅም የስብ አሲዶች ነው። ይህ ቁመናው ዘይቱን ከናፍጣ አሥር እጥፍ ገደማ ያወፍረዋል፤ ዘይት እንዳለ ሞተር ውስጥ ቢገባ በደንብ አይረጭም፣ በደንብም አይነድም፣ ውሎ አድሮ በመርጫው ላይ ከሰል ያበቅላል። ሜታኖል ከጥቂት ኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲገባ ሦስቱን የስብ አሲዶች አንድ በአንድ ከግሊሰሪኑ ያላቅቅና ራሱ ይይዛቸዋል። የተላቀቁት ቀጫጭን ሰንሰለቶች ባዮዲዝል ናቸው። ግሊሰሪኑ ከባድ ስለሆነ ጠቁሮ ወደ ታች ይወርዳል። ኮስቲክ ሶዳው ለውጡን ያፋጥናል እንጂ የነዳጁ አካል አይሆንም።

ሙቀት እዚህ ላይ የሚሰጠው ፍጥነትን ነው። ምን ያህል ፍጥነት እንደሚሰጥ በደንብ ተለክቷል። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ፒዮሪያ ከተማ ባለው የግብርና ምርምር ማዕከል ፍሪድማን፣ ፕራይድና ማውንትስ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት የተጣራ የአኩሪ አተር ዘይትን በ60፣ በ45 እና በ32 ዲግሪ ከሜታኖል ጋር አዋሕደዋል። ስድስት ደቂቃ ሲሞላ በ60 ዲግሪው 94 በመቶ፣ በ45ቱ 87 በመቶ፣ በ32ቱ 64 በመቶ ወደ ባዮዲዝል ተለውጦ ነበር። አንድ ሰዓት ሲሞላ ግን የ60ውና የ45ቱ ውጤት አንድ ሆነ፤ የ32ቱም የቀረው በጥቂቱ ነበር።

ለደገኛ ከዚህ የተሻለ ዜና የለም። 60 ዲግሪ ላይ መድረስ ባለመቻላችን የምንከፍለው ዋጋ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ለዱርቤቴ፣ ለቡሬና ለፍኖተ ሰላም የምመክረው ሙቀት 50 ዲግሪ ነው፤ ሁለት ዲግሪ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ችግር የለውም። ከመፍያው ነጥብ ስምንት ዲግሪ ያህል ይርቃል፤ ርካሽ ቴርሞሜትር ሁለት ሦስት ዲግሪ ቢዋሽ እንኳ አደጋ ላይ አይጥልም። ማማሰሉ ከአንድ ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይራዘም፣ ሌላ ለውጥ አያስፈልግም።

ሙቀቱ ይህን ያህል ይቅር ባይ ከሆነ፣ ብዙ ሰው ሞክሮ የሚበላሽበት ምክንያት የት ነው? አብዛኛውን ጊዜ ማማሰሉ ላይ ነው። ዘይትና ሜታኖል አይዋሃዱም። አንድ ዕቃ ውስጥ ቢጨመሩ ሜታኖሉ ከላይ፣ ዘይቱ ከታች ሆኖ ይተኛል፤ ለውጡ የሚካሄደው ሁለቱ በሚነካኩበት ገጽ ላይ ብቻ ነው። ክክ ለመብሰል ሰዓት የሚፈጀውና ሽሮ ወዲያው የሚደርሰው፣ እህሉ አንድ ሆኖ ሳለ የተፈጨው ከውሃ ጋር የሚነካካበት ገጽ ስለሚበዛ ነው፤ ሜታኖሉም በዘይቱ ውስጥ እንደዚያ መድቀቅ አለበት። በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ኑረዲኒና ዙ እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል፦ ማማሰሉ ደካማ ሲሆን ለውጡ ለመነሣት ይዘገያል፣ ሲበረታ ያ መዘግየት ያጥራል። ጥቂት ባዮዲዝል ከተፈጠረ በኋላ እርሱ ራሱ ሁለቱን ያስታርቃል፤ ስለዚህ ብርቱ ማማሰል ከሁሉ በላይ የሚፈለገው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው።

በእንጨት ማማሰል ለሊትር ሙከራ እንኳ አይበቃም፤ ማማሰያው ፈሳሹን ያዞረዋል እንጂ አያደቀውም፣ ሰውየውም ትነቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ይቆያል። አየር በቱቦ ከታች እየነፉ ማንተክተክ ቀላል ስለሚመስል ብዙዎች ይሞክሩታል፤ እኔ ግን ፈጽሞ አልመክረውም። አየሩ ሜታኖሉን ይዞት ይወጣል፣ ለትነቱም ከእሳት ጋር የሚገናኝበትን መንገድ ይከፍታል፣ የኑግን ዘይት የመሰለ ስስ ዘይት ደግሞ ኦክስጅን ያበላሸዋል። በእጅ መሰርሰሪያ ጫፍ ላይ መቅዘፊያ አስሮ ማሽከርከርም ይታያል፤ የዚህ መሣሪያ ካርቦን ብሩሽ ሲሠራ ብልጭታ ስለሚረጭ ክፍት በርሜል አፍ ላይ ቦታ የለውም።

በርካሽ ከሚገኙት ሁሉ የሚበልጠው ፓምፕ ነው። ከተዘጋ የብረት በርሜል ሥር ይስባል፣ ከላይ መልሶ ይረጫል። ፈሳሹ በፓምፑ ምላሶች መካከል ሲያልፍ ይደቃል፤ ከታች የተኛውም ከላይ የተንሳፈፈውም እኩል ዕድል ያገኛል። ፓምፑ መቶውን ሊትር በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንድ ጊዜ የሚያዞር ከሆነ በሰዓት ተኩል 18 ዙር ይሆናል፤ ይህ በቂ ነው። ሞተሩ ከበርሜሉ ራቅ ብሎ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ከክፍሉ ውጭ ይሁን። ከበርሜሉ ክዳን የሚወጣ ቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ አየር ይድረስ፤ ሙሉ በሙሉ የታፈነ በርሜል ግፊት ያጠራቅማል። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ ግሊሰሪኑ ሜታኖሉንና ኮስቲኩን ይዞ ወደ ታች መውረድ ይጀምራልና ለውጡ ይቆማል። ሲመለስ ፓምፑን አስነሥቶ መቀጠል ይቻላል፤ ፈሳሹ እንደገና መሞቅ አለበት ብሎ እሳት ማቀጣጠል ግን ክልክል ነው።

ስለ እሳቱ ያለኝ ሐሳብ የማይለወጥ ነው፦ ሜታኖል በተከፈተበት ግቢ ውስጥ ፍምም ቢሆን አይኖርም። እንግዲህ በርሜሉ በምን ይሙቅ? ዘይቱ ለብቻው፣ ሜታኖሉ ገና ተቆልፎበት ሳለ ይሞቃል። መቶ ሊትር ዘይት 56 ዲግሪ ላይ ይድረስና እሳቱ ይጥፋ፣ ፍሙ ተጠርጎ ይውጣ። 20 ዲግሪ ላይ ያለ 20 ሊትር ሜታኖል ሲጨመርበት ድብልቁ ወደ 50 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። በርሜሉን አስቀድሞ በጤፍ ጭድና በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፍኖ ማሰር ነው፤ መቶ ሊትር በዚያ ልብስ ውስጥ ለሰዓት ተኩል ሙቀቱን በደንብ ይይዛል። መጨረሻ ላይ 44 ወይም 45 ዲግሪ ቢደርስ እንኳ የፒዮሪያው ልኬት ያረጋጋናል።

ኮስቲክ ሶዳው ሜታኖሉ ውስጥ ቀድሞ ይሟሟል። ሲሟሟ ራሱ ይሞቃል፤ ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ፣ ክዳኑ በሚገጥም ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ፣ ከቤት ውጭ፣ የጎማ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጎ ነው። ከሥሩ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር የተጻፈበት ጀሪካን ይስማማዋል። አልሙኒየም ፈጽሞ አይንካው፤ ገበያ ላይ የምናገኘው አብዛኛው ድስት አልሙኒየም ስለሆነ ይህ ለእኛ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ኮስቲኩ ይበላዋል፣ ሲበላውም የሚፈነዳ ጋዝ ይወጣል። ዚንክ የተቀባ ባልዲም እንዲሁ።

የተጠበሰበት ዘይት ከዚህ ሁሉ በፊት መድረቅ አለበት፤ ውሃ ካለበት ነዳጅ መሆኑ ቀርቶ ሳሙና ይሆናል። እዚህ ላይ ከፍታችን ይረዳናል። ውሃው 93 ዲግሪ ላይ መፍላት ስለሚጀምር፣ ዘይቱን በክፍት ድስት 100 ዲግሪ አካባቢ ይዞ መንጣጣቱ እስኪያቆም መጠበቅ ይበቃል። ከሥር የተጠራቀመ ውሃ ካለ ግን ድንገት ፈንቅሎ የጋለ ዘይት ይረጫል። ስለዚህ ዘይቱን ለብ አድርጎ አንድ ቀን ማሳደር፣ የዘቀጠውን መተው፣ ላዩን ብቻ ማሞቅ ይሻላል።

የኮስቲኩ መጠን ለአዲስ ዘይት በሊትር 3.5 ግራም ነው። ለተጠበሰበት ተጨማሪ ያስፈልጋል፤ ምን ያህል እንደሆነ በምርመራ ይታወቃል። አንድ ግራም ኮስቲክ በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ይሟሟል። አንድ ሚሊ ሊትር ዘይት በአሥር ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል ተበጥብጦ የፌኖልፍታሊን ጠብታ ይገባበታል፤ ከዚያ የኮስቲኩ ውሃ ጠብ ጠብ እየተደረገ ሐምራዊው ቀለም እስኪጸና ይጠበቃል። የገባው ሚሊ ሊትር ብዛት ለአንድ ሊትር ዘይት የሚጨመረው ግራም ነው። ሁለት ቢገባ 3.5 ላይ ሁለት ተደምሮ 5.5 ማለት ነው። ከአምስት ወይም ከስድስት በላይ የሚበላ ዘይት በጣም የተቃጠለ ነው፤ ለብቻው ባይሞከር ይሻላል።

ሙቀትና ማማሰል እንደ ዘይቱም ይለያያል። ገበያችንን የሞላው ከውጭ የሚመጣው የፓልም ዘይት ነው። ለመሥራት አያስቸግርም፤ ባዮዲዝሉ ግን 13 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መርጋት ይጀምራል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት በጎጃም ደጋ ከዚያ በታች ነው። ወፍጮው በሌሊት ቢቆም ጠዋት ማጣሪያው ይደፈናል፤ ስለዚህ በብርድ ወራት ከናፍጣ ጋር በትንሹ መደባለቅ ወይም ለሞቃቱ ወራት ማቆየት ነው። የኑግ ዘይት ተቃራኒው ነው። ሦስት አራተኛው ያህል ሊኖሌይክ አሲድ ስለሆነ በብርድ አይረጋም፣ ቶሎ ግን ይበላሻል። ደግሞም ኑግ ምግብ ነው። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የተመረቀው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም እንዳለው ሲነገር፣ የአገሪቱ ጥያቄ ይህን የሚሞላ የቅባት እህል ከየት ይመጣል የሚል ነበር። ሰው የሚበላው ዘይት ተወድዶ ሳለ አዲስ የኑግ ዘይት ወደ ሞተር መጨመርን እቃወማለሁ። ኑግ በርሜሉ ውስጥ ሊገባ የሚገባው ከመጥበሻ ከወጣ በኋላ ነው።

ጉሎ ሌላ ባሕርይ አለው። በየጓሮውና በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው ይህ ተክል ዘይቱ ከሌሎች ዘይቶች ሁሉ ተለይቶ በአልኮል ይሟሟል፤ ስለዚህ ያለ ብርቱ ማማሰልና ያለ ሙቀት፣ በክፍል ሙቀት ብቻ ይለወጣል። ያንን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ የሚወጣው ነዳጅ ወፍራም ነው፤ የአውሮፓው መለኪያ ከሚፈቅደው እጥፍ በላይ ስለሚወፍር ለብቻው ሞተር አይገባም፣ ከሌላ ጋር በጥቂቱ ይደባለቃል። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2007 የባዮፊውል ስትራቴጂ ሲያወጣ ተስፋ የተጣለባቸው ጉሎና ጃትሮፋ ነበሩ። በምሥራቅ ሐረርጌና በወላይታ ጉሎን በሰፊው ለማስተከል የተነሡ ኩባንያዎች ካሰቡት አልደረሱም። በክልላችን በባቲ ዙሪያ ግን ገበሬው ጃትሮፋን ለአጥር ሲተክለው ኖሯል። መሬት ሳይሻማ ፍሬ የሚሰጥ አጥር ለእኔ ከሰፋፊ እርሻዎቹ ይልቅ አሳማኝ ነው። የጉሎም የጃትሮፋም ፋጉሎ መርዝ ነው፤ እንደ ኑግ ፋጉሎ ለከብት አይሰጥም፣ ለማዳበሪያ ይውላል።

ሜታኖልን በኢታኖል መተካት ብዙ ጊዜ የሚነሣ ጥያቄ ነው፤ ደግሞም የቆየ ሐሳብ ነው። በብራስልስ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ቤልጂማዊው ጆርጅ ሻቫን እ.ኤ.አ. በ1937 የባለቤትነት ማረጋገጫ ያገኘበት የፓልም ዘይት ነዳጅ በኢታኖል የተሠራ ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ከብራስልስ ወደ ሉቨን የሚሄድ አውቶቡስ ነድቶበታል። ኢታኖል በዱርቤቴ ከፍታ የሚፈላው 72 ዲግሪ ላይ ስለሆነ በሙቀት በኩል ሰፊ ቦታ ይሰጣል፤ 60 ላይ ቢያዝ አያሳስብም። መርዛማነቱም ከሜታኖል እጅግ ያነሰ ነው። ከዓባይ ማዶ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ያመርተዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ ተሽጧል። የሚያስቸግረው ውሃው ነው። ለባዮዲዝል የሚሆን ኢታኖል ውሃ አልባ ሊባል የቀረበ መሆን አለበት። አረቄ፣ ዳግም የወጣም ቢሆን፣ ገና ብዙ ውሃ አለበት፤ በርሜሉን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል። ውሃው በወጣለት ኢታኖልም ቢሆን ግሊሰሪኑ ቶሎ አይለይም፣ የሚፈለገውም መጠን ለመቶ ሊትር ዘይት 30 ሊትር ገደማ ነው። እንዲያም ሆኖ የወደፊቱ መንገድ ይህ ይመስለኛል፤ ከውጭ በሚመጣ ሜታኖል ላይ የቆመ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ የእኛ አይሆንም።

ፓምፑ ከቆመ በኋላ በርሜሉ ሳይነካ ያድራል። ጠዋት ጥቁሩ ግሊሰሪን ከሥር በቧንቧ ይወጣል። ለውጡ መጠናቀቁን ለማወቅ ሦስት ሚሊ ሊትር ባዮዲዝል በ27 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ውስጥ ይነቀነቃል፤ ፈጽሞ ከጠራ አልቋል፣ ከሥር ዘይት ከቀረ አላለቀም። ይህ ምርመራ የሚታመነው 20 ዲግሪ አካባቢ ነውና በደጋ ጠዋት ፈሳሾቹ ፀሐይ ላይ ቆይተው ለብ ይበሉ። ሜታኖሉን ከመጀመሪያው ሁለት ቦታ ከፍሎ፣ አራት አምስተኛውን አስቀድሞ፣ ግሊሰሪኑ ከወጣ በኋላ ቀሪውን መጨመር ደግሞ በዝቅተኛ ሙቀት ለምንሠራ ሰዎች ትልቅ እገዛ ነው፤ ግሊሰሪኑ ሲቀነስ ለውጡ ወደኋላ የሚጎትተው ያጣል።

ቀጥሎ ነዳጁ ሳሙናው እንዲወጣለት በውሃ ይታጠባል፤ እጥበቱ ላይ ግን እጅ መለወጥ አለበት። በርሜሉን እስካሁን በብርቱ ያማሰለ ሰው ውሃውንም እንዲሁ ቢያደርግ፣ ሳሙናው ውሃና ነዳጁን አጣብቆ እርጎ የመሰለ፣ ለቀናት የማይለይ ነገር ይወጣዋል። የመጀመሪያው ውሃ ለብ ያለ፣ በአትክልት ማጠጫ ከላይ እንደ ካፊያ የሚረጭ ይሁን፤ በራሱ ወርዶ ከሥር ይወጣል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ትንሽ ጠንከር ሊሉ ይችላሉ። የሚወርደው ውሃ ሲጠራ ነዳጁ ጋዜጣ ከጀርባው እስኪነበብ ድረስ ፀሐይ ላይ ይደርቃል።

ወፍጮው የመጀመሪያ ቀን የሚሞላለት 80 ሊትር ናፍጣና 20 ሊትር ባዮዲዝል ነው። ባዮዲዝል በጋኑ ውስጥ ለዓመታት የተጋገረውን ዝቃጭ ስለሚያጥበው ማጣሪያው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይደፈናል፤ መለወጫው አስቀድሞ ይገዛ። የቆዩ ሞተሮች የተፈጥሮ ጎማ ቱቦ ካላቸው ይለሰልሳል፣ ያብጣል፤ በየሳምንቱ በጣት መጫንና የላላውን መቀየር ያስፈልጋል።